የብድር ሠራተኛን በማሳ ላይ ማሠልጠን

የብድር ሠራተኛ ሥልጠና ብዙውን ጊዜ ከሒሳብ መዝገብ ይጀምራል። እኛ በእንጅባራና በዳንግላ አካባቢ ከማሳ እንዲጀመር እንመርጣለን። የአማራ ብድርና ቁጠባ ተቋም እ.ኤ.አ. በ2022 ጸደይ ባንክ ቢሆንም የገበሬው የመክፈያ ወቅት አልተለወጠም።

ዲከረንስ የተከለ ገበሬን እንውሰድ። በመጀመሪያው ዓመት በችግኙ መካከል ጤፍ ይዘራል፤ ቀጥሎ ሣር ያጭዳል፤ ዛፉን ለከሰል የሚቆርጠው ግን በአራተኛው ወይም በአምስተኛው ዓመት ነው። ብድሩን በአንድ ዓመት መልስ ከተባለ ያልደረሰውን ዛፍ በርካሽ ይሸጣል፤ አለዚያም በሬውን ገበያ ያወጣል። ድንች ግን በወራት ስለሚደርስ የአጭር ጊዜ ብድር ይስማማዋል። ሠልጣኙ ይህን ልዩነት ከገበሬው ጋር ተቀምጦ፣ በየወሩ የሚገባውንና የሚወጣውን በመጻፍ ይየው።

በቅርብ ዓመታት ዲከረንሱን የመታው የዋግ በሽታም አለ። ዛፉ ሲደርቅ ዕዳው አብሮ አይደርቅም። ስለዚህ ተበዳሪው ሌላ ገቢ እንዳለው ሳይጠየቅ ለዛፍ ብቻ ገንዘብ አይሰጠው። በዚህ ረገድ የልማት ሠራተኛው ከብድር ሠራተኛው የተሻለ ያውቃል። ማኅበራት የሥልጠናው ቀን ሲቆረጥ በሽታ የገባበትን አንድ ማሳ መርጠው ሠልጣኞቹን ወደዚያ ይውሰዱ፤ ባለማሳውም ስለ ዕዳው ራሱ ይናገር።