ካንሰርን በጊዜው እንመርመር፦ ከጋምቤላ እስከ ጅማ

(በሬዲዮ ፕሮግራማችን ከቀረበው የጤና ትምህርት የተወሰደ)

ምስጋና ለዓለማት ጌታ ለአላህ (ሱ.ወ.) ይሁን። የአላህ ሰላትና ሰላም በነቢያችን ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ.)፣ በቤተሰቦቻቸውና በባልደረቦቻቸው ላይ ይስፈን። 

ጋምቤላ ከተማ የምትኖር አንዲት እናት ጡቷ ላይ እብጠት አገኘች እንበል። ስለማያማት ዝም አለች። ቆይታም ለባለቤቷ መንገር አፈረች። ሩቅያ አስቀራች፣ ዘምዘም ጠጣች፤ ወራት አለፉ። ሐኪም ዘንድ የደረሰችው እብጠቱ ቆዳዋን ካቆሰለ በኋላ ነው። ይህችን እናት ለምሳሌ አነሳናት እንጂ ታሪኳ በየቤቱ ያለ ነው። በአገራችን በሴቶች ላይ ቀዳሚ የሆኑት የጡትና የማኅፀን በር ካንሰር ናቸው፤ አብዛኞቹ ሕሙማንም ለሕክምና የሚመጡት በሽታው ከተስፋፋ በኋላ ነው።

ለመዘግየቱ አንዱ ምክንያት ርቀት ነው። የጨረር ሕክምና በኢትዮጵያ ከ1990 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ ለረጅም ዓመታት ይሰጥ የነበረው አዲስ አበባ በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ብቻ ነበር። ከጋምቤላ እዚያ ለመድረስ ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ መጓዝ ያስፈልጋል። ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ግን በጅማ ዩኒቨርሲቲ የሕክምና ማዕከልም ስለሚሰጥ፣ በመቱና በበደሌ በኩል ለሚጓዝ የጋምቤላ ሰው መንገዱ በግማሽ ያህል አጥሯል። አልሐምዱሊላህ።

ይሁን እንጂ መንገድ ብቻውን ችግሩን አይፈታም። ጨረር በአንድ ቀን ተሰጥቶ የሚያልቅ ሕክምና አይደለም። በሳምንት አምስት ቀን፣ እንደ በሽታው ዓይነት ለበርካታ ሳምንታት ይሰጣል። ስለዚህ ሕመምተኛዋ ማደሪያ፣ ምግብና አስታማሚ ያስፈልጋታል። ኬሞቴራፒ የሚባለው መድኃኒት ደግሞ ብዙውን ጊዜ በየሦስት ሳምንቱ ስለሚሰጥ መመላለስን ይጠይቃል። ገንዘቡ ያለቀበት ሰው ሕክምናውን በመሐል ያቋርጣል፤ በሽታውም ይመለሳል።

ታዲያ በየክልሉ ምን ቢሟላ ይሻላል? የጨረር መሣሪያ ወፍራም የኮንክሪት ግንብ፣ የማይቆራረጥ መብራትና ልዩ ባለሙያ ስለሚፈልግ በየከተማው መትከል ይከብዳል። ነገር ግን ቅድመ ምርመራ፣ ከእብጠት ናሙና ወስዶ ወደ ፓቶሎጂ መላክ፣ ኬሞቴራፒ መስጠትና የሕመም ማስታገሻ ማቅረብ በክልል ሆስፒታል ሊሠሩ የሚችሉ ናቸው። እነዚህ ቅርብ ከሆኑ ሕመምተኛዋ ሩቅ የምትሄደው ለቀዶ ሕክምና ወይም ለጨረር ብቻ ይሆናል። ይህን ከክልሉ ጤና ቢሮ በጨዋ ደንብ መጠየቅ መብታችን ነው።

በእጃችን ያለውንም እንጠቀም። የማኅፀን በር ካንሰር የሚመጣው ኤችፒቪ ከሚባል ቫይረስ ነው። ክትባቱ በአገራችን በ2011 ዓ.ም. ለ14 ዓመት ልጃገረዶች ተጀመረ፤ በኅዳር 2017 ዓ.ም. ደግሞ ከ9 እስከ 14 ዓመት ላሉት በአንድ ጊዜ መርፌ እንዲሰጥ ተደረገ። ከ30 እስከ 49 ዓመት ያሉ እናቶች ደግሞ ቅድመ ምርመራ ያድርጉ። ባለሙያዋ የማኅፀኑን በር ኮምጣጤ መሰል ፈሳሽ ቀብታ ታያለች፤ ደቂቃዎች ብቻ ይወስዳል። ገና ካንሰር ያልሆነ ለውጥ ከተገኘ በማቀዝቀዝ ወይም በሙቀት ይታከማል። በጡት ላይ እብጠት፣ የቆዳ መጨማደድ ወይም ከጫፉ ደም መሰል ፈሳሽ ከታየ ደግሞ፣ ባያምም እንኳ፣ አትቆዩ።

«ዐውራዬ ይታያል» ብላ የምትፈራ እህት ሴት ባለሙያ ትጠይቅ። ሴት ባትገኝ ግን ዑለማዎቻችን እንዳስተማሩት በችግር ጊዜ ወንድ ሐኪም በሚያስፈልገው ልክ ቢያይ ይፈቀዳል። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) እንድንታከም አዘዋል፤ ከእርጅና በቀር መድኃኒት ያልተፈጠረለት በሽታ እንደሌለም አስተምረዋል። ሩቅያና ዱዓ ከሐኪም ጋር አይጣሉም። ሰበቡን ማድረስ የእኛ፣ ሺፋው የአላህ ነው።

ባሎችና አባቶች ሆይ! ሚስትና ልጅ በእጃችሁ ያሉ አማናዎች ናቸው። «ምን ሆነሽ ነው?» ብላችሁ ቀድማችሁ ጠይቁ፤ ለምርመራም አብራችሁ ሂዱ። የመስጂድ ጀመዓዎችም ለድሃ ሕሙማን የመጓጓዣና የማደሪያ ሰደቃ ብታሰባስቡ፣ ዘካ የሚገባቸውንም ለይታችሁ ብታደርሱ፣ በጅማ ያሉ ወንድሞችና እህቶችም ከጋምቤላ የመጣን እንግዳ ብታስጠጉ፣ ጅምር ሕክምና በመሐል አይቀርም። አንዲት ነፍስ ማትረፍ አላህ ዘንድ ምን ያህል ከባድ ዋጋ እንዳለው ታውቃላችሁ።

አላህ (ሱ.ወ.) ሕሙማኖቻችንን ይፈውስልን፤ አስታማሚዎቻቸውን በሶብር ያጠንክርልን። አሚን። ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።