ማብራት ሌላ፣ ማሳየት ሌላ

አዲስ ቤት የሠራ ሰው እንግዳ በሚቀበልበት ቀን መጀመሪያ የሚያስጎበኘው ወለሉን፣ ግድግዳውን፣ በሩንና መስኮቱን ነው። ስለ እንጨቱ ዓይነትና ስለ ሲሚንቶው ዋጋ ብዙ ይተርካል። የመብራት ነገር ሲነሣ ግን መልሱ «ገብቷል» የሚል አንድ ቃል ብቻ ነው። መብራት መግባቱ በእርግጥ ትልቅ ነገር ነው፤ ባልገባበት ቤት የሚኖር ሰው ዋጋውን ከማንም ይበልጥ ያውቀዋል። ነገር ግን መብራት ገባ ማለትና ቤቱ ደኅና አድርጎ ይታያል ማለት አንድ አይደሉም። ከኮርኒሱ መካከል የተንጠለጠለ አንድ ኃይለኛ አምፖል ዓይንን ይወጋል፤ ማዕዘኖቹን በጥላ ይተዋቸዋል፤ የሚያነበውንም ሰው በገዛ ራሱ ጥላ ላይ ያስጎነብሰዋል። ክፍሉ በርቷል፤ ሊታይ የሚገባው ነገር ግን አልታየም።

በዛሬው ጽሑፋችን ለአንባቢዎቻችን ልናስረዳ ያሰብነው ማብራትን ከማሳየት የሚለየውን ሙያ ነው፤ ስሙም የብርሃን ንድፍ ይባላል። የብርሃን ንድፍ አውጪ አምፖል ሻጭም ገመድ ዘርጊም አይደለም። ሥራው ቤቱ ገና በወረቀት ላይ ሳለ ከአርክቴክቱ ጋር ተቀምጦ «በዚህ ክፍል መታየት ያለበት ምንድን ነው? የሚያየውስ ማን ነው? በስንት ሰዓት?» እያለ መጠየቅ ነው። ነገሩ የሀብታም ቅንጦት የሚመስለው ሰው አይጠፋም። ሆኖም ዛሬ በትምህርት ላይ ያሉት ወጣቶችና በየመሥሪያ ቤቱ ሥራ የጀመሩት ሹማምንት ነገ አዳራሽ፣ ቤተ መጻሕፍት ወይም ሙዚየም ሲሠራ በወረቀቱ ላይ የሚፈርሙ ናቸውና ጉዳዩ ከሁሉ ይልቅ እነርሱን ይመለከታል።

ሦስት ዓይነት ብርሃን

ለዚህ ሙያ መንገድ ከጠረጉት ሰዎች አንዱ አሜሪካዊው ሪቻርድ ኬሊ ነው። (በዚህ ጽሑፍ የምንጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) ኬሊ በ1910 ተወልዶ በ1977 ያረፈ ሲሆን፣ በኒውዮርክ ከተማ ሥራውን የጀመረው በ1935 ነበር። ከዚያ በኋላ ዬል ዩኒቨርሲቲ ገብቶ የአርክቴክቸር ትምህርት ተማረ። በ1952 ባወጣው ጽሑፍም ብርሃንን በሦስት ከፍሎ አስረዳ። አከፋፈሉን እኛ በምናውቃቸው ነገሮች እየመሰልን ብናቀርበው የሚከተለውን ይመስላል።

አንደኛው ዙሪያውን ሁሉ የሚሞላ፣ ጥላ የሌለው ብርሃን ነው፤ በሐምሌ ወር ደመና ሰማዩን ሸፍኖ በሚውልበት ቀን የምናየው ዓይነት ማለት ነው። በእንዲህ ያለው ብርሃን ሰው ያለ ሥጋት ይራመዳል፤ ነገር ግን ዓይኑ የሚያርፍበት ስፍራ አያገኝም። ሁለተኛው በአንድ ነገር ላይ ተለይቶ የሚያርፍ ብርሃን ነው። ተማሪ በኩራዝ አጠገብ ተቀምጦ ሲያጠና መጽሐፉ ብቻ ደምቆ ሌላው ሁሉ ወደ ኋላ ይሸሻል፤ እንዲህ ያለው ብርሃን ለዓይን «እዚህ ተመልከት» ብሎ እንደሚያዝዝ ያለ ነው። ሦስተኛው ስለ ራሱ ውበት የሚታይ ብልጭታ ነው። በትንሣኤ ሌሊት በምእመናን እጅ የሚበሩትን ጧፎች የተመለከተ ሰው ይህን ለመረዳት ሌላ ምሳሌ አያሻውም።

ኬሊ ያስተማረው ሦስቱን በልክ ማዋሐድን ነው። የመጀመሪያው ብቻ ከሆነ ክፍሉ ይደበዝዛል፤ ሁለተኛው ብቻ ከሆነ ዓይን በብርሃንና በጨለማ መካከል ሲመላለስ ይደክማል፤ ሦስተኛው ብቻ ከሆነም ቤቱ የበዓል ድንኳን ይመስላል።

ትምህርቱን በሥራ ያሳየበት አንድ ቤት አለ። አርክቴክቱ ፊሊፕ ጆንሰን በ1949 በአሜሪካ፣ በኮነቲከት ግዛት፣ ኒው ኬናን በምትባል ከተማ ለራሱ ቤት ሠራ፤ አራቱም ግድግዳ መስተዋት ነበር። ቀን ቀን ዛፉና መስኩ እንደ ሥዕል ይታያል። ሲመሽ ግን በውስጥ መብራት በተበራ ጊዜ መስተዋቱ ሁሉ መስታየት ሆኖ ለባለቤቱ የራሱን መልክ መልሶ ያሳየው ጀመር፤ መስኩም ጠፋ። ሌላ ሰው ቢሆን ኖሮ በውስጥ ያለውን መብራት በጨመረ ነበር። ኬሊ ግን የውስጡን መብራት አለዝቦ በደጅ ያሉትን ዛፎችና ሣሩን አበራቸው። ያን ጊዜ መስተዋቱ እንደ ገና መስኮት ሆነ።

ይህ ሕግ በእኛም ከተማ ሊታይ ይችላል። በ1961 በተመረቀው በአፍሪካ አዳራሽ ውስጥ ሜትር አርቲስት አፈወርቅ ተክሌ የሠሩት፣ ስፋቱ 150 ካሬ ሜትር የሆነው ባለ ቀለም የመስተዋት ሥዕል አለ። በውስጥ ቆሞ ለሚያየው ሰው ቀለሙ የሚነደው የደጁ ብርሃን ከውስጡ በርትቶ በመስተዋቱ ሲያልፍ ነው። የውስጡ ብርሃን ከደጁ ቢበረታ ግን ያ ሁሉ ቀለም ይጠቁራል። እንግዲህ ዓይናችን የሚፈርደው በብርሃኑ ብዛት ሳይሆን በአንዱና በሌላው መካከል ባለው ልዩነት መሆኑን ከዚህ እንረዳለን።

በሱቅ ውስጥ

ብዙ ነጋዴዎች ሱቃቸው እንዲታይ ሲፈልጉ ያላቸውን መብራት ሁሉ በእኩል ያበራሉ። ሁሉም እኩል በበራበት ሱቅ ውስጥ ግን ተለይቶ የሚታይ ዕቃ የለም። አንድ ዕቃ ከሩቅ የመንገደኛን ዓይን እንዲጠራ ከተፈለገ በዙሪያው ካለው ከ5 እስከ 10 እጥፍ ያህል ደምቆ መብራት እንዳለበት በሙያው የታወቀ ነው። ይህንንም ለማድረግ በዕቃው ላይ መጨመር ብቻ ሳይሆን ከዙሪያው መቀነስም ይቻላል፤ ሁለተኛው መንገድ ወጪም ይቆጥባል።

ከድምቀቱ ይልቅ የሚከብደው ግን የቀለሙ ነገር ነው። እናቶቻችን ጥለት ወይም ጨርቅ ሲገዙ ወደ ሱቁ በር አውጥተው በፀሐይ አገላብጠው ያያሉ። ይህ ልማድ ከሳይንስ ጋር የሚስማማ ነው፤ ዕቃ የሚያሳየን በላዩ ያረፈው ብርሃን የያዘውን ቀለም ብቻ ነውና። በአምፖሉ ብርሃን ውስጥ ቀይ ከጎደለ ቀዩ ጥለት ቡናማ ይመስላል። በሱቅ ውስጥ አንድ መስለው የታዩ ሁለት ጨርቆችም በደጅ ሁለት ቀለም ሆነው ሊገኙ ይችላሉ። በብዙ አገር ሥጋ ሻጮች ቀላ ያለ መብራት የሚሰቅሉት ሥጋው ትኩስ መስሎ እንዲታይ ነው። እንዲህ ያለው ማሳየት ማሳየት መባሉ ቀርቶ ማታለል መባል ይገባዋል።

አምፖሉ ቀለምን በምን ያህል ታማኝነት እንደሚያሳይ የሚገልጽ ቁጥር አለ፤ ብዙ ጊዜ በካርቶኑ ላይ «ሲ.አር.አይ.» በሚሉት የእንግሊዝኛ ፊደላት አጠገብ ይጻፋል። ከፍተኛው 100 ነው። ለኮሪደርና ለመጋዘን 80 ይበቃል፤ ለጨርቅ፣ ለምግብና ለሥዕል ግን ከ90 በላይ የሆነውን መፈለግ ደግ ነው።

ብርሃን የሚበላው ቅርስ

በሙዚየም ውስጥ ነገሩ ከዚህ ይከብዳል። «ይህን ጨርቅ ፀሐይ በልቶታል» ማለት በአነጋገራችን የተለመደ ነው፤ አባባሉም ምንም ማጋነን የለበትም። ብርሃን በቀለምና በጨርቅ ላይ ባረፈ ቁጥር ጥቂት በጥቂት ይለውጠዋል፤ ጉዳቱም እየተደመረ ይሄዳል እንጂ መብራቱ ሲጠፋ አይሽርም። ሠዓሊው ቪንሰንት ቫን ጎህ በ1888 የመኝታ ክፍሉን ሲሥል ግድግዳውን የቀባው ወደ ሐምራዊ በሚያደላ ቀለም ነበር። ቀዩን የሰጠው ቅመም ግን ከጊዜ ብዛት በብርሃን ስለ ደበዘዘ ዛሬ ሥዕሉን የሚመለከት ሰው የሚያየው ሰማያዊ ግድግዳ ነው። ሠዓሊው ያሰበውን ሥዕል ከእንግዲህ በዓይኑ የሚያይ የለም።

የብርሃን መጠን የሚለካው በሉክስ ነው። በጠራ ቀን የቀትር ፀሐይ 100,000 ሉክስ ያህል ይደርሳል። ሙዚየሞች ለጨርቅ፣ ለብራናና በውሃ ቀለም ለተሠራ ሥዕል የሚፈቅዱት 50 ሉክስ ገደማ ሲሆን ለዘይት ቀለም ሥዕል 200 ሉክስ ገደማ ነው። አንባቢያችን እስቲ ከእኛ ጋር ያስላ። አንድ ብራና በ50 ሉክስ ብርሃን በቀን 8 ሰዓት፣ በዓመት 300 ቀን ቢታይ በዓመቱ መጨረሻ የሚደርስበት ብርሃን ሲባዛ 120,000 ይሆናል። በቀትር ፀሐይ ላይ ቢቀመጥ ግን ይህንኑ ያህል የሚቀበለው በ1 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ነው። የሙዚየም ጠባቂ መጋረጃውን መግለጥ ስለ ረሳበት ሳይሆን መዝጋት ስለ ረሳበት አንድ ቀትር የዓመት ዕድሜ ይከፈላል ማለት ነው።

አባቶቻችን ሉክስ የሚባል መለኪያ ሳይኖራቸው በዚህ ነገር ጠንቃቆች ነበሩ። የብራናው መጽሐፍ ከተነበበ በኋላ ተዘግቶ በማኅደሩ ይገባል። በየገዳማቱም ሥዕሎች በመጋረጃ ተጋርደው የሚቆዩበት፣ ለተመልካችም ለጥቂት ጊዜ ብቻ የሚገለጡበት ልማድ አለ። ይህ የተደረገው ስለ ክብራቸው ቢሆንም ቀለማቸውን ጠብቆ አቆይቷል። ዛሬ እነዚህን ቅርሶች አውጥተን በመስተዋት ሣጥን ውስጥ ስናኖር ክብራቸውን ገለጥን ብለን ዕድሜያቸውን እንዳናሳጥር ማሰብ ግዴታችን ነው።

ታዲያ 50 ሉክስ በሆነ ክፍል ሰው ምን ሊያይ ይችላል? የንድፍ አውጪው ብልሃት የሚፈተነው እዚህ ላይ ነው። ከፀሐይ የመጣን ጎብኚ በአንድ ጊዜ ወደ ደብዛዛው ክፍል ቢያስገቡት ምንም አያይም። ስለዚህ መግቢያውን፣ ኮሪደሩንና የመጀመሪያውን ክፍል ደረጃ በደረጃ እያለዘቡ ዓይኑን ያለማምዱታል። ግድግዳውንም ጠቆር ያደርጉታል፤ ቅርሱ ያን ጊዜ በጥቂት ብርሃን ይደምቃል። ሽማግሌዎችም ይታሰባሉ፤ በ60 ዓመት ሰው ዓይን ውስጥ የሚገባው ብርሃን የ20 ዓመት ወጣት ከሚያገኘው አንድ ሦስተኛ ገደማ ብቻ ነውና የመግለጫው ጽሑፍ በትልልቅ ፊደል ሊጻፍላቸው ያስፈልጋል።

የፀሐይን ብርሃን ሳይፈሩ የተጠቀሙበት ምሳሌም አለ። በአሜሪካ በቴክሳስ ግዛት፣ በፎርት ወርዝ ከተማ፣ በ1972 የተከፈተው የኪምቤል ሙዚየም የአርክቴክት ሉዊ ካን ሥራ ነው። ጣራው እያንዳንዱ 30 ሜትር ያህል ርዝመት ባላቸው የኮንክሪት ቅስቶች የተሠራ ሲሆን፣ በየቅስቱ ጫፍ ላይ ከዳር እስከ ዳር የሚዘልቅ ጠባብ የብርሃን መግቢያ ተከፍቷል። የቴክሳስ ፀሐይ በቀጥታ ቢወርድ ሥዕሎቹን ባጠፋ ነበር። ስለዚህ ካን ከላይ የጠቀስነውን ኬሊን ጠራ። ጥቃቅን ቀዳዳ ያላቸው የአሉሚኒየም ክንፎች ከመግቢያው ሥር ተሰቀሉ። ፀሐዩ በክንፎቹ ላይ አርፎ ወደ ላይ ይመለሳል፤ በቅስቱ ላይ ተበትኖ ከዚያ በኋላ በለስላሳው ወደ ሥዕሎቹ ይወርዳል። ግራጫው ኮንክሪትም ብር መስሎ ይታያል። ደመና በፀሐይ ፊት ሲያልፍ ክፍሉ ውስጥ ያለ ሰው ይሰማዋል።

በቤትና በመሥሪያ ቤት

ይህ ሁሉ ለትልልቅ ሕንፃ ብቻ የሚሆን እንዳይመስል ወደ ተማሪው ጠረጴዛ እንመለስ። መብራትን ከ2 ሜትር ወደ 1 ሜትር ብናቀርበው በመጽሐፉ ላይ የሚያርፈው ብርሃን በእጥፍ ሳይሆን በ4 እጥፍ ይጨምራል። ስለዚህ በኮርኒሱ ላይ ካለ ኃይለኛ አምፖል ይልቅ በጠረጴዛው ላይ ያለች አነስተኛ አባጆር ለአጥኚ ትበልጣለች። በቀኝ እጁ የሚጽፍ ሰው መብራቱን በግራው ያኑር፤ የእጁ ጥላ ፊደሉን አይሸፍነውም። ክፍሉን ግን ጨርሶ አያጨልመው፤ በነጭ ግድግዳ ላይ የሚያርፍ ሌላ ለስላሳ መብራት ዓይኑን ያሳርፍለታል። ነጭ ግድግዳ ከተቀበለው ብርሃን አብዛኛውን ስለሚመልስ የኖራ ቀለም ራሱ እንደ መብራት ይቆጠራል።

ብርሃን ዛሬ እጅግ ረክሷል። ሰማያዊ ኤል ኢ ዲ በመፍጠራቸው ኢሳሙ አካሳኪ፣ ሂሮሺ አማኖና ሹጂ ናካሙራ በ2014 የፊዚክስ ኖቤል ሽልማት ተቀብለዋል። በእነርሱ ሥራ ምክንያት ቀድሞ በ60 ዋት ይገኝ የነበረው ብርሃን ዛሬ ከ8 እስከ 10 ዋት ብቻ ይፈጃል። ይህ ትልቅ በረከት ነው። ነገር ግን የረከሰ ነገር ያለ ልክ መረጨቱ አይቀርም፤ አምፖል ውድ በነበረ ጊዜ የማይነሣው «የት ላይ ይብራ?» የሚለው ጥያቄ ዛሬ የግድ መነሣት ያለበት ስለዚህ ነው።

እንግዲህ ወጣቱ ሹም «አምፖል ብዛት 20» የሚል የግዢ ወረቀት ለፊርማ ሲቀርብለት ከመፈረሙ በፊት አንድ ነገር ይጠይቅ፤ አምፖሎቹ ምንን ለማሳየት ነው? ለኮሪደር ከሆነ መልሱ ቀላል ነው። ለሱቅ ከሆነ የገዢው መብት፣ ለንባብ ክፍል ከሆነ የተማሪው ዓይን አለበት። ለሙዚየም ከሆነ ግን በሉክስ ለክቶ፣ ጊዜውን ቆጥሮ፣ መጋረጃ የሚዘጋውንም ሰው ስም ለይቶ ይፈርም። የተሰበረ አምፖል በሌላ ይተካል፤ ከብራናው የሄደውን ቀለም የሚመልስ መብራት ግን የለም።