ያውቁ ኖሯል? ትከሻ የማይጎዳው የሙስ ጥይት

ስዊድንና ኖርዌይ በአንድ ንጉሥ ሥር ሳሉ በጋራ አስጠንተው በ1890ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ለወታደሮቻቸው ያስታጠቁት 6.5 በ55 የተባለው ጥይት፣ ስሙን ያገኘው በሚሊ ሜትር ከተለኩት የጠመንጃው አፈሙዝ ስፋትና ባሩዱን የሚይዘው ቀለህ ርዝመት ሲሆን፣ ከመቶ ዓመት በኋላም በሁለቱ አገሮች ደኖች ከአጋዘን ወገን በግዝፈቱ ተወዳዳሪ የሌለው ሙስ ይታደንበታል።

ጠመንጃ ሲተኮስ የተኳሹን ትከሻ የሚመታበት ኃይል የሚወሰነው በአረሩ ክብደትና ፍጥነት፣ በሚቃጠለው ባሩድ መጠንና በራሱ በጠመንጃው ክብደት ነው። የዚህ ጥይት አረር 10 ግራም ያህል ቢመዝንም ቀጭንና ረጅም በመሆኑ፣ ማለትም ክብደቱ በጠባብ ጫፍ ላይ ስለሚያርፍ፣ ብዙ ባሩድ ሳያስፈልገው በእንስሳው አካል ጠልቆ ይገባል፤ ተኳሹም ምቱን በመፍራት ቃታ ሲስብ ዓይኑን የመጨፈን ልማድ አይጠናወተውም፤ የብዙ አዳኞችን ዒላማ የሚያስተው ደግሞ ከጥይት ድክመት ይልቅ ይኸው ልማድ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

የስዊድን ሕግ ለሙስ አደን የሚውል ቢያንስ 10 ግራም የሚመዝን አረር በ100 ሜትር ርቀት 2,000 ጁል (ጁል የጉልበት መለኪያ ነው) እንዲቀረው የሚጠይቅ ሲሆን፣ ይህ ጥይት መስፈርቱን ያሟላል። ለሙስ የበቃ ጥይት ለአነስተኛው አጋዘን አያንስምና ለጀማሪ አዳኝ እጅግ ተስማሚ ነው፤ ሆኖም ለአደን የሚመረጠው እንስሳውን ሲመታ የሚሰፋው አረር እንጂ ሙሉ ልባስ ያለው የወታደር አረር አይደለም።