«መጨረሻውን ብቻ ይንገሩኝ»

የ11 ዓመቱ የልጅ ልጄ የቤት ሥራ ይዞ መጣ። ከሚያነበው የልጆች ልብ ወለድ ውስጥ ግጭቱ እያደገ የሚሄድበትን ክፍል እንዲያሳይ ታዟል። መጽሐፉን ግን ግማሽ እንኳ አላደረሰውም። «አባባ፣ አንብበው መጨረሻውን ብቻ ይንገሩኝ» አለኝ።

ያስለመድኩት እኔ ነኝ። ማታ ተረት ስነግረው እንቅልፍ ሲጥለኝ መሐሉን ዘልዬ መጨረሻውንና ምክሩን እሰጠው ነበር።

ለመስቀል ከአርባ ምንጭ ወደ ጨንቻ ስንወጣ ነገሩን ማስረዳት ቀለለኝ። መንገዱ 37 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ከ1,300 ሜትር ገደማ ከፍታ ተነስቶ 2,700 ሜትር ገደማ ይደርሳል። ሙዙ ከኋላ ይቀርና ዶርዜ ላይ እንሰትና ቀርከሃ ይቀበሉናል። ልጁ መጀመሪያ መስኮቱን ዘጋ፤ ቀጥሎ ሹራቡን ለበሰ፤ በመጨረሻ ጋቢዬ ውስጥ ገባ።

«ታሪክም እንዲህ ነው» አልኩት። «ሜዳው ላይ ባለታሪኩን እንተዋወቃለን። ችግር ሲመጣ ዳገቱ ይጀምራል። እያንዳንዱ ጥምዝ ካለፈው ይከብዳል፤ ወደ ኋላ መመለሱም እየራቀ ይሄዳል። ጫፉን መምህራን ጡዘት ይሉታል። ከዚያ ወዲያ ቁልቁለቱና ማረፊያው ነው።»

ለምሳሌ የአፈወርቅ ገብረ ኢየሱስን «ጦቢያ» አነሳሁለት። በ1900 ዓ.ም. ሮም የታተመ፣ የመጀመሪያው የአማርኛ ልብ ወለድ የሚባል መጽሐፍ ነው። ለልጆች አልተጻፈም፤ አማርኛውም ይከብዳቸዋል፤ በቃል ሲነገራቸው ግን ጆሯቸውን ይይዛል። አባት በጦርነት ይማረካል። አንድ ደግ ነጋዴ ለልጁ ለዋሕድ ማስፈቻ ገንዘብ ይሰጠዋል፤ አባትም ይፈታል። አለቀ ስንል ዋሕድ ውለታ ሊመልስ ነጋዴውን ፍለጋ ይወጣና እሱ ራሱ ባሪያ ፈንጋዮች እጅ ይወድቃል። አሁን ደግሞ መንታ እኅቱ ጦቢያ ወንድ መስላ ከአባቷ ጋር ልትፈልገው ትነሳለች።

እዚህ ላይ ዝም አልኩ።

«ሴት መሆኗን ቢያውቁባትስ?» አለ ልጁ።

«አንተ ምን ይመስልሃል?»

ጨንቻ እስክንደርስ ሦስት ግምት ደረደረልኝ።

የግጭት ማደግ ማለት ችግር በላዩ ላይ መከመር ብቻ አይደለም። አንዱ ሌላውን ሊወልደው ይገባል፦ ዋሕድ የተያዘው አባቱ ስለተፈታ፣ ጦቢያ የወጣችው ዋሕድ ስለተያዘ ነው። አንዱን ብናወጣው የቀረው ይፈርሳል። መሐሉን የዘለልኩበት ልጅ ያጣው ይህንን ነበር፤ መጨረሻው ምን ያህል እንደተለፋበት ሳያውቅ ምክሩን ብቻ ይቀበላል።

እናንተም ልጅ መጽሐፍ ጀምሮ ሲተው መጨረሻውን አትንገሩት። ባለታሪኩ ምን ይፈልጋል? ማን ወይም ምን ከለከለው? ካለፈው ምዕራፍ ይልቅ አሁን ምን ባሰበት? ብላችሁ ጠይቁት። መልሱን ፍለጋ ራሱ ገጽ ይገልጣል።

ከጨንቻ በተመለስን በሦስተኛው ቀን የልጅ ልጄ መጽሐፉን ይዞ አጠገቤ ተቀመጠ። ብድግ አድርጌ ላገላብጠው ስል እጄን ያዘኝ።

«አባባ፣ መጨረሻውን እንዳይነግሩኝ!»