ሳያረጁ የተመለሱት 4400 ሰዎች፦ ጊዜ ለሁላችን እኩል ይሄዳል?

አንዲት የስምንት ዓመት ልጅ እ.ኤ.አ. በ1946 ድንገት ደብዛዋ ይጠፋል። በ2004 ትመለሳለች። አሁንም ስምንት ዓመቷ ነው። ልብሷም ያው የድሮው ነው። ወደ ቤቴ ልሂድ ብትል ግን የሚጠብቃት ቤተሰብ የለም።

ልጅቷ ማያ ትባላለች፤ «ዘ 4400» በተባለው የአሜሪካ ተከታታይ የቴሌቪዥን ድራማ ውስጥ ያለች ገጸ ባሕርይ ናት። ድራማው ከ2004 እስከ 2007 ነው የታየው። በተለያየ ዘመን የጠፉ 4400 ሰዎች በዋሽንግተን ግዛት፣ ሬይኒየር ተራራ አጠገብ ባለ ሐይቅ ዳር፣ በአንድ ጊዜ በብርሃን ኳስ ይመለሳሉ። አንዳቸውም አላረጁም። (ድራማውን ገና ያላያችሁ ተጠንቀቁ፣ ከዚህ በኋላ ምስጢሩን እናወጣዋለን።)

ሐሳቡ ለእኛም እንግዳ አይደለም። በለስ ለቅሞ ከዛፍ ጥላ ሥር አረፍ ያለውና 66 ዓመት ተኝቶ የነቃው የአቤሜሌክ ታሪክ ይታወቃል። በለሱ ትኩስ ነበር፤ ከተማዋን ግን ሊያውቃት አልቻለም።

ለመሆኑ ሳይንስ ስለዚህ ነገር ምን ይላል? መልሱ ሊያስገርማችሁ ይችላል፦ ግማሹ ይቻላል።

አልበርት አንስታይን በ1905 ባወጣው የአንጻራዊነት ንድፈ ሐሳብ መሠረት፣ በፍጥነት የሚጓዝ ሰዓት ቆሞ ከሚጠብቀው ሰዓት ቀስ ብሎ ይቆጥራል። ሰዓቱ ተበላሽቶ አይደለም። ጊዜ ራሱ ነው ቀስ ብሎ የሚያልፈው። ልብ ምትም፣ እድገትም፣ እርጅናም አብረው ይዘገያሉ።

«ይሄ ወረቀት ላይ ነው» እንዳትሉ፣ ተሞክሯል። በ1971 ሁለት ተመራማሪዎች አቶሚክ ሰዓቶችን በመንገደኞች አውሮፕላን ጭነው ዓለምን ዞሩ። ወደ ምሥራቅ የበረሩት ሰዓቶች መሬት ላይ ከቀሩት በ59 ናኖ ሰከንድ ወደኋላ ቀሩ። ወደ ምዕራብ የበረሩት ደግሞ በ273 ናኖ ሰከንድ ቀደሙ። ልዩነቱ የመጣው ከፍጥነትና ከስበት ነው፤ ስበት ደከም ባለበት ከፍታ ላይ ጊዜ ትንሽ ይፈጥናልና።

ስልካችሁ ላይ ታክሲ ስትጠሩም ይህንኑ ሳይንስ ትጠቀማላችሁ። የጂፒኤስ ሳተላይቶች ሰዓት ከእኛ ሰዓት በቀን 38 ማይክሮ ሰከንድ ገደማ ይቀድማል። ትንሽ ይመስላል አይደል? ጂፒኤስ ርቀት የሚለካው ግን ምልክቱ በብርሃን ፍጥነት እስኪደርስ በሚፈጀው ጊዜ ነው። በ38 ማይክሮ ሰከንድ ብርሃን ከ11 ኪሎ ሜትር በላይ ይሄዳል። መሐንዲሶቹ ልዩነቱን ባያስተካክሉት ኖሮ ሾፌሩ እናንተን ማግኘቱ ያጠራጥር ነበር።

አሁን ወደ ማያ እንመለስ። ለእሷ አንድ ቀን ብቻ አልፎ ለእኛ 58 ዓመት እንዲያልፍ ምን ያህል መፍጠን አለባት? ስናሰላው ከብርሃን በሰከንድ 33 ሳንቲ ሜትር ብቻ ዝቅ ባለ ፍጥነት መጓዝ ይኖርባታል። ብርሃን በሰከንድ 300,000 ኪሎ ሜትር ያህል ሲሄድ እሷ ከአንድ ማስመሪያ እምብዛም በማይበልጥ ርቀት ብቻ ወደኋላ ትቀራለች ማለት ነው።

ችግሩ ኃይሉ ላይ ነው። 25 ኪሎ የምትመዝን ልጅን እዚያ ፍጥነት ላይ ለማድረስ፣ ዓለም በሙሉ አሁን ባለው ፍጆታ ከ70 ዓመት በላይ የሚበቃት ኃይል ያስፈልጋል። የመንኮራኩሩን ክብደት ገና አልቆጠርንም!

አንድ ነገር ልብ በሉ፦ ማያ በዚህ መንገድ ዕድሜ አልጨመረችም። የእሷ አንድ ቀን አንድ ቀን ብቻ ነው፤ አንድ ጊዜ ተኝታ ትነሣለች፣ ቁርሷን ትበላለች። የቀረባት ሌሎች ያለ እሷ የኖሩት 58 ዓመት ነው።

ሌላኛው ግማሽስ? በድራማው ሰዎቹን የወሰዷቸው ከሌላ ዓለም የመጡ ፍጥረታት ሳይሆኑ ወደፊት የሚኖሩ የሰው ልጆች ናቸው። ወደ ራሳቸው ዘመን ወስደው፣ መልሰው ወደኋላ ላኳቸው። ሳይንስ «ቆይ!» የሚለው እዚህ ላይ ነው። ወደፊት የሚወስደው መንገድ በሰዓት ተለክቶ ተረጋግጧል። ወደኋላ የሚመልስ መንገድ ግን እስከ ዛሬ ማንም አላገኘም። ይቻላል ብንል እንኳ እንቆቅልሽ ይከተላል፦ ወደኋላ ሄዳችሁ አያቶቻችሁ እንዳይገናኙ ብታደርጉ፣ ማን ነው ወደኋላ የሄደው?

ስለዚህ ድራማውን ስታዩ «እንዴት ሳያረጁ ቀሩ?» የሚለው ቀላሉ ጥያቄ ነው። በዓለም አቀፉ የጠፈር ጣቢያ ስድስት ወር ቆይቶ የሚመለስ ጠፈርተኛ እኮ ከእኛ 0.005 ሰከንድ ያህል ያነሰ ዕድሜ ይዞ ነው የሚመጣው። እሱም በትንሹ «ተመላሽ» ነው። ከባዱ ጥያቄ «ወደኋላስ እንዴት መጡ?» የሚለው ነው። ለእሱ መልስ ያለው እስካሁን ድራማው ብቻ ነው።