ስለ ሳተላይት ቴሌቪዥን መቀበያ ቃላት ትርጓሜ

ስሙን ያላወቁትን ዕቃ ገዝቶ በቤት ማኖር ቀላል ነው፤ በተበላሸ ጊዜ ግን ምኑ እንደ ተበላሸ ለመናገር እንኳ ቃል ይታጣል። በላልይበላና በላስታ መንደሮች በቤት ክዳን ላይ የሚታየው የሳተላይት ሰሐን እንደዚህ ካሉት ዕቃዎች አንዱ ነው። ሥዕሉ የጠፋ ዕለት ባለቤቱ ሠራተኛ ያስጠራል፤ ሠራተኛውም በፈረንጅ ቃል የተጻፉትን ቁጥሮች ለውጦ ዋጋውን ተቀብሎ ይሄዳል። ባለቤቱ ግን ምን እንደ ተደረገ ሳያውቅ ይቀራል፤ በሌላም ጊዜ እንደገና ይከፍላል። ነገር ግን ቃላቱ ጥቂት ናቸው። ትርጓሜያቸውን ያወቀ መምህር ወይም ሽማግሌ ለትምህርት ቤቱም ለጎረቤቱም ስለሚጠቅም፣ ከዚህ በታች በየተራቸው ተገልጸዋል።

ቴሌቪዥን በኢትዮጵያ የተጀመረው በ1957 ዓ.ም. ነው። በምድር ላይ ከተተከለ ምሰሶ የሚወጣው ሞገድ በተራራ ይከለላል፤ ከ4,000 ሜትር በላይ ከፍ ያለው የአቡነ ዮሴፍ ተራራ ባለበት አገር ይህ ትልቅ እንቅፋት ነው። ከሰማይ የሚወርደውን ሞገድ ግን ተራራ በቀላሉ አያግደውም። ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ ሕዝቡ «ፕላዝማ» ብሎ የጠራው ትምህርት ከአዲስ አበባ ወደ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች የደረሰው በዚሁ በሳተላይት መንገድ ነው።

ሳተላይት ከምድር ወገብ በላይ በ35,786 ኪሎ ሜትር ከፍታ የሚገኝ መሣሪያ ነው። ምድር በምትዞርበት መጠን አብሯት ስለሚዞር፣ ከታች ሆኖ ለሚያስበው ሰው ከአንድ ስፍራ የማይነቃነቅ ነው። ስለዚህ ሰሐኑ አንድ ጊዜ በትክክል ከተተከለ በኋላ መዞር አያስፈልገውም። የሳተላይቱ ስፍራ በዲግሪ ይነገራል። ቀድሞ የብዙ ሰው ሰሐን በምዕራብ 7 ዲግሪ ወዳለው ወደ ናይልሳት ያይ ነበር። በ2013 ዓ.ም. ግን ብዙ የኢትዮጵያ ጣቢያዎች ኢትዮሳት በተባለው አገልግሎት፣ በምሥራቅ 57 ዲግሪ በሚገኘው ኤን ኤስ ኤስ 12 በተባለው ሳተላይት ላይ ተሰበሰቡ። በላልይበላ ለቆመ ሰው ናይልሳት በምዕራብ በኩል ከአድማስ 36 ዲግሪ ያህል ከፍ ብሎ ይገኛል፤ ኤን ኤስ ኤስ 12 ግን ከምሥራቅ ወደ ደቡብ 33 ዲግሪ ያህል ፈቀቅ ብሎ፣ ከአድማስም 65 ዲግሪ ያህል ከፍ ብሎ ነው። እንግዲህ ሰሐኑን ሳያዞር በመቀበያው ላይ ቁጥር ብቻ የሚለውጥ ሰው በከንቱ ይደክማል።

ሰሐኑ ደካማውን ሞገድ ሰብስቦ በክንዱ ጫፍ ላይ ወዳለችው ትንሽ ዕቃ ይመልሳል። እርስዋም ኤል ኤን ቢ ትባላለች። ሥራዋ ሁለት ነው፤ አንደኛው ደካማውን ሞገድ ማበርታት፣ ሁለተኛው በሽቦ ለመሄድ እንዲመች የንዝረቱን ብዛት ዝቅ ማድረግ ነው።

ይህ የንዝረት ብዛት ፍሪኩዌንሲ ይባላል። የበገና አውታር ሲወጠር ቶሎ ቶሎ ይንቀጠቀጣል፤ ሲላላ ግን ይዘገያል። ሞገድም እንዲሁ ነው። ሜጋኸርዝ ማለት በአንድ ሰከንድ አንድ ሚሊዮን ንዝረት ማለት ነው። ከሳተላይት የሚወርደው ሞገድ ከ10,700 እስከ 12,750 ሜጋኸርዝ ይደርሳል፤ ኤል ኤን ቢ ከ950 እስከ 2,150 ድረስ አውርዳ ወደ መቀበያው ትሰድደዋለች። በመቀበያው ላይ የሚጻፈው ግን ከመውረዱ በፊት ያለው ትልቁ ቁጥር ነው።

ፖላራይዜሽን ማለት ሞገዱ የሚወዛወዝበት አቅጣጫ ነው። ሁለት ልጆች ገመድ ይዘው ወደ ላይና ወደ ታች ቢወዘውዙት ቁም ይሆናል፤ ወደ ግራና ወደ ቀኝ ቢወዘውዙት አግድም ይሆናል። በመቀበያው ላይ ቁሙ «ቪ»፣ አግድሙ «ኤች» በሚሉ ፊደላት ይጻፋል። በላልይበላ ግን 57 ዲግሪ ምሥራቅ ያለው ሳተላይት ወደ ጎን ስለሆነ፣ ሞገዱ 55 ዲግሪ ያህል ተጋድሞ ይደርሳል። ስለዚህ ኤል ኤን ቢን በመያዣዋ ውስጥ ቀስ አድርጎ ማጠማዘዝ ያስፈልጋል። ብዙ ሰው ይህን ስለማያውቅ ደኅናውን ኤል ኤን ቢ «ተበላሽቷል» ብሎ ይጥላል።

ሲምቦል ሬት በአንድ ሰከንድ የሚላኩት ምልክቶች ብዛት ነው፤ 30000 ተብሎ ቢጻፍ 30 ሚሊዮን ምልክት ማለት ነው። መምህሩ እያነበበ ተማሪው ሲጽፍ፣ የንባቡና የጽሕፈቱ ፍጥነት ካልተስማማ ጽሑፉ ይበላሻል። መቀበያውም የተላከበትን ፍጥነት ካላወቀ ምንም አያነብም።

ኤፍ ኢ ሲ የስሕተት ማረሚያ ነው። መጽሐፍ የገለበጠ ጸሐፊ ከዋናው ጋራ አስተያይቶ እንደሚያርም፣ ላኪው ከመልእክቱ ጋራ የማረሚያ ምልክት ይጨምራል። 3/4 ማለት ከአራቱ ክፍል ሦስቱ መልእክት፣ አንዱ ማረሚያ ነው ማለት ነው። በክረምት ብርቱ ዝናም ሞገዱን ሲያደክመው ይህ ማረሚያ ሥዕሉን ለጊዜው ያቆየዋል፤ ስሕተቱ ከዐቅሙ ሲያልፍ ግን ሥዕሉ እንደ ጡብ ይቈራረጣል፤ ኋላም ፈጽሞ ይጠፋል።

ከሁሉ ይልቅ የሚያሳስቱት ሁለቱ ቃላት ስትሬንግዝና ኳሊቲ ናቸው። ስትሬንግዝ ኀይል ነው፤ ኳሊቲ ጥራት ነው። ድምፁን ከፍ አድርጎ የሚጮኽ ተማሪ ሁሉ ንባቡን ያወቀ እንዳይደለ፣ ኀይሉ ከፍ ያለ ሞገድ ሁሉ የተፈለገው አይደለም። ሰሐኑ ወደ ሌላ አቅጣጫ ቢያይም እንኳ ኤል ኤን ቢ በሽቦ ከተያያዘች ኀይሉ ብዙ ሆኖ ሊታይ ይችላል። እውነተኛው ምስክር ጥራቱ ነው።

ጥራቱ መልካም ሆኖ ሥዕል ከሌለ ጣቢያው የተቈለፈ ሊሆን ይችላል። ቅኔ ሰሙ ለሁሉ ሲሰማ ወርቁ ለዐዋቂ ብቻ እንደሚገለጥ፣ የተቈለፈ ጣቢያም ቁልፍ ላለው ብቻ ይከፈታል። ሰሐን በማዞር አይገኝም።

እንግዲህ ሥዕል የጠፋበት ሰው አስቀድሞ መቀበያውን አጥፍቶ የሽቦውን መያያዣ ይመልከት። ቀጥሎም ከፍቶ አራቱን ቁጥሮች፣ ማለት ፍሪኩዌንሲን፣ ፖላራይዜሽንን፣ ሲምቦል ሬትንና ኤፍ ኢ ሲን ያመሳክር። ከዚያ በኋላ አንዱ መቀበያው ዘንድ ተቀምጦ የጥራቱን ቁጥር እየጠራ፣ ሌላው ሰሐኑን በጣት ስፋት ያህል ብቻ እያንቀሳቀሰ ይፈልግ። መልካም ሥዕል በተገኘ ቀን ቁጥሮቹን በትምህርት ቤቱ መዝገብ መጻፍ ይገባል፤ መምህሩ ወደ ሌላ ስፍራ ቢዛወር የሚተካው ከመዝገቡ ያገኘዋልና።