የሕመም ማስታገሻ መድኃኒቶች ጥብቅ ቁጥጥርና ሥር የሰደደ ሕመም ያለባቸው ወገኖች

ሀዋሳ - ሥር የሰደደ ሕመም ላለበት ሰው ስቃይን ማስታገስ ከሕክምናው በኋላ የሚታሰብ ጉዳይ ሳይሆን የሕክምናው አንዱ አካል ነው። በካንሰር፣ በኤች አይ ቪ፣ በኩላሊት ድክመት ወይም በሌላ የቆየ በሽታ ለሚሰቃዩ ወገኖች ሌሊቱን መተኛት፣ ምግብ መቅመስ፣ ከቤተሰብ ጋር መጫወትና የታዘዘላቸውን ሕክምና እስከ መጨረሻው መከታተል የሚቻለው ሕመሙ ጋብ ሲልላቸው ነው።

ይሁንና ከባድ ሕመምን ለማስታገስ ከሚያገለግሉት መድኃኒቶች መካከል ሞርፊንን የመሳሰሉት ሱስ የማስያዝ ባሕርይ ስላላቸው፣ በአገራችንም ሆነ በሌላው ዓለም ከሌሎች መድኃኒቶች በተለየ ጥብቅ ቁጥጥር ሥር እንዲውሉ ተደርጓል። ቁጥጥሩ ሲላላ መድኃኒቱ ለጎጂ ዓላማ ይውላል። ከመጠን በላይ ሲጠብቅ ደግሞ መድኃኒቱ የተሠራለት ሕመምተኛ ሳያገኘው ይቀራል።

የሲዳማ ክልል መዲና የሆነችው ሀዋሳ ይህ ጉዳይ በቅርብ ከሚመለከታቸው የአገሪቱ ከተሞች አንዷ ናት። ከአዲስ አበባ በስተደቡብ 275 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በምትገኘው በዚህች ከተማ የሀዋሳ ዩኒቨርሲቲ ኮምፕሬሄንሲቭ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታልና የአዳሬ ጠቅላላ ሆስፒታል አገልግሎት ይሰጣሉ። የዩኒቨርሲቲው ሆስፒታል የካንሰር ሕክምናን ጨምሮ በልዩ ባለሙያዎች የሚሰጡ አገልግሎቶችን ፍለጋ ከሲዳማ ወረዳዎችና ከአጎራባች አካባቢዎች የሚመጡ ሕመምተኞችን ያስተናግዳል።

ኦፒዮይድ በሚል የወል ስም የሚታወቁት መድኃኒቶች መነሻቸው ፖፒ ከተባለው ተክል የሚገኘው ኦፒየም ነው። ሞርፊንና ኮዴይን ከተክሉ በቀጥታ የሚገኙ ሲሆን፣ ፔቲዲን፣ ፌንታኒልና ትራማዶልን የመሳሰሉት በፋብሪካ የሚቀመሙ ናቸው። ሁሉም በአንጎልና በሕብለ ሰረሰር ውስጥ ከሚገኙ ተቀባዮች ጋር በመጣበቅ የሕመም ስሜት እንዲቀንስ ያደርጋሉ። በሌላ በኩል ከመጠን በላይ ሲወሰዱ ትንፋሽን በማዳከም ለሞት ሊያደርሱ ይችላሉ። የቁጥጥሩ መነሻም ይኸው ነው።

የዓለም አቀፉ ቁጥጥር ዋነኛ መሠረት እ.ኤ.አ. በ1961 የወጣው የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት የናርኮቲክ መድኃኒቶች ስምምነት ሲሆን፣ ኢትዮጵያ ይህን ስምምነት የተቀላቀለችው እ.ኤ.አ. በ1965 ነው። ስምምነቱ ብዙውን ጊዜ የሚጠቀሰው በከልካይነቱ ቢሆንም፣ በመግቢያው ላይ ናርኮቲክ መድኃኒቶች ስቃይን ለማስታገስ አስፈላጊ መሆናቸውንና ለዚሁ ዓላማ በበቂ መጠን መገኘት እንዳለባቸው በግልጽ አስፍሯል። ስለሆነም አባል አገሮች ያለባቸው ግዴታ ሁለት ነው። አንደኛው መድኃኒቱ ወደ ሕገ ወጥ ገበያ እንዳይሾልክ መከላከል፣ ሁለተኛው ለሚያስፈልገው ሕመምተኛ እንዲደርስ ማድረግ ነው።

በአገራችን ይህን ኃላፊነት የሚወስኑ ሕጎች በተለያዩ ጊዜያት ወጥተዋል። አዋጅ ቁጥር 176/1991 የመድኃኒት አስተዳደርና ቁጥጥር ሥርዓትን የዘረጋ ሲሆን፣ በአዋጅ ቁጥር 661/2002፣ ከዚያም በምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112/2011 ተተክቷል። የኢትዮጵያ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ናርኮቲክና ሳይኮትሮፒክ መድኃኒቶችን የመቆጣጠር ሥልጣን ተሰጥቶታል። በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 525 ደግሞ ናርኮቲክና ሳይኮትሮፒክ ነገሮችን ከሕግ ውጭ ማምረት፣ ማዘዋወርና መጠቀም በወንጀል እንደሚያስቀጣ ተደንግጓል።

ሞርፊን ወደ አገር ውስጥ የሚገባውም እንደ ሌላው መድኃኒት በመደበኛ ግዢ ብቻ አይደለም። እያንዳንዱ አገር በዓመት የሚያስፈልገውን መጠን አስቀድሞ ገምቶ ለዓለም አቀፉ የናርኮቲክስ ቁጥጥር ቦርድ ያሳውቃል። ከዚያም ለእያንዳንዱ ግዢ የአስመጪውም የላኪውም አገር መንግሥት ፈቃድ መስጠት ይኖርበታል። ግምቱ አነስተኛ ከሆነ የሚገባው መድኃኒትም አነስተኛ ይሆናል። ግምቱ የሚሠራው ባለፈው ዓመት ጥቅም ላይ በዋለው መጠን ብቻ ሲሆን ደግሞ፣ ትናንት ያላገኘ ሕመምተኛ ዛሬም እንዳያገኝ ምክንያት ይሆናል።

መድኃኒቱ ጤና ተቋም ከደረሰ በኋላም የተለየ ሥርዓት ይጠብቀዋል። ናርኮቲክ መድኃኒቶች የሚታዘዙት ለዚሁ በተዘጋጀ ልዩ የማዘዣ ወረቀት ነው። የሕመምተኛው ሙሉ ስምና አድራሻ፣ የመድኃኒቱ መጠንና የአወሳሰዱ ሁኔታ እንዲሁም ያዘዘው ባለሙያ ማንነት በወረቀቱ ላይ ተሟልቶ መገኘት ይኖርበታል። የፋርማሲ ባለሙያውም መድኃኒቱን በተቆለፈ ሥፍራ የማስቀመጥ፣ የገባውንና የወጣውን በመዝገብ የማስፈር፣ ማዘዣውን የማቆየትና ሪፖርት የማድረግ ግዴታ አለበት።

እነዚህ መመዘኛዎች እያንዳንዳቸው በቂ ምክንያት አላቸው። ችግሩ የሚፈጠረው ሁሉም ተደማምረው በሕመምተኛው ላይ ሲያርፉ ነው። ለአብነት ያህል በካንሰር የተያዘችና ከሀዋሳ ብዙ ኪሎ ሜትሮች ርቃ በገጠር የምትኖር አንዲት እናት እናስብ። መድኃኒቱ በሚቀርባት ጤና ጣቢያ ካልተገኘ፣ ለእያንዳንዱ ማዘዣ ወደ ከተማ መመላለስ ይኖርባታል። የትራንስፖርት፣ የማደሪያና የአስታማሚ ወጪ ከመድኃኒቱ ዋጋ ሊበልጥ ይችላል። በማዘዣው ላይ አንድ ነገር ቢጎድል፣ ለምሳሌ የመድኃኒቱ መጠን በትክክል ባይሰፍር፣ ፋርማሲው ወረቀቱን የመመለስ ግዴታ አለበት። በከተማዋ ለሚኖር ሰው ይህ የአንድ ሰዓት ጉዳይ ሲሆን ለእርሷ ግን በስቃይ የሚያልፍ ሌላ ሌሊት ነው።

ሌላው ተጽዕኖ በጤና ባለሙያዎች ላይ የሚታየው ፍርሃት ነው። ከወረቀት ሥራው ብዛትና ከቅጣቱ ክብደት የተነሣ ባለሙያው ሞርፊን ከማዘዝ ይልቅ አቅሙ ያነሰ መድኃኒት ማዘዝን፣ ፋርማሲውም መድኃኒቱን ጨርሶ አለማስቀመጥን ሊመርጥ ይችላል። በዚህም ሳቢያ ሕጉ በቃል ያልከለከለው ነገር በተግባር የተከለከለ ይሆናል።

ሕጋዊው መንገድ የተዘጋበት ሕመምተኛ ስቃዩ ስለማይጠብቀው ወደ ሌላ መንገድ ለመሄድ ይገፋፋል። ያለ ማዘዣ የሚሸጥ መድኃኒት መግዛት፣ ለሌላ ሰው ከታዘዘው መዋስ ወይም ያለውን ማስታገሻ ከተፈቀደው መጠን በላይ መውሰድ ከእነዚህ ውስጥ ይጠቀሳሉ። ትራማዶል ከመጠን በላይ ሲወሰድ እንደሚጥል በሽታ ያለ መንቀጥቀጥ ሊያስከትል ይችላል። ዳይክሎፌናክና አይቡፕሮፌንን የመሳሰሉት በዘፈቀደ ለረጅም ጊዜ ከተወሰዱ ጨጓራን ያደማሉ፣ ኩላሊትንም ይጎዳሉ። ሰውን ከጉዳት ለመጠበቅ የወጣው ደንብ በዚህ መልኩ ሌላ ጉዳት ሊጋብዝ ይችላል።

የሌሎች አገሮች ተሞክሮም ይህንኑ ያሳያል። ህንድ እ.ኤ.አ. በ1985 ጥብቅ የናርኮቲክ ሕግ ካወጣች በኋላ በነበሩት አሥራ ሁለት ዓመታት ገደማ ለሕክምና የሚውለው የሞርፊን መጠን ከ90 በመቶ በላይ አሽቆልቁሏል። ሕጉ ሕክምናን የመከልከል ዓላማ አልነበረውም። ሆኖም አንድ ሆስፒታል መድኃኒቱን ለማግኘት ከተለያዩ መሥሪያ ቤቶች በርካታ ፈቃዶችን ማሰባሰብ ስለነበረበት አብዛኞቹ ተውት። አገሪቱ ሕጉን በማሻሻል አሠራሩን ያቃለለችው እ.ኤ.አ. በ2014 ነበር።

በአሜሪካ የታየው ደግሞ ከዚህ የተለየ ነው። በዚያች አገር ከእ.ኤ.አ. 1990ዎቹ መገባደጃ ጀምሮ ኦፒዮይድ መድኃኒቶች ያለ በቂ ጥንቃቄ በመታዘዛቸው በሱስና ከመጠን በላይ በመውሰድ እጅግ ብዙ ሕዝብ አልቋል። የአገሪቱ የበሽታ መቆጣጠሪያና መከላከያ ማዕከል እ.ኤ.አ. በ2016 የአስተዛዘዝ መመሪያ አወጣ። ነገር ግን ምክር የነበረው መመሪያ በብዙ ቦታ እንደ ግዴታ ተወስዶ መድኃኒቱን ለዓመታት ሲወስዱ የቆዩ ሕመምተኞች በድንገት እንዲያቋርጡ ተደረገ። የአገሪቱ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር እ.ኤ.አ. በ2019 ድንገተኛ ማቋረጥ ለከባድ ስቃይና ራስን እስከ ማጥፋት ለሚደርስ ጉዳት እንደሚዳርግ አስጠንቅቋል። መመሪያውም እ.ኤ.አ. በ2022 ተሻሽሎ የእያንዳንዱን ሕመምተኛ ሁኔታ ያገናዘበ እንዲሆን ተደርጓል።

የእኛ አገር ችግር ግን ከአሜሪካው ይልቅ ወደ ህንዱ ያመዝናል። ዓለም አቀፉ የናርኮቲክስ ቁጥጥር ቦርድ እ.ኤ.አ. በ2015 ይፋ ባደረገው መረጃ መሠረት፣ በዓለም ጥቅም ላይ ከሚውለው ሞርፊን 92 በመቶ የሚሆነው የሚወሰደው ከዓለም ሕዝብ 17 በመቶው ብቻ በሚኖርባቸው አገሮች ነው። ላንሴት በተሰኘው የሕክምና መጽሔት ሥር የተቋቋመ ኮሚሽን ከጥቂት ዓመታት በኋላ ባወጣው ጥናትም፣ በዓመት ከሚሰራጨው 298.5 ቶን ሞርፊን አቻ መድኃኒት ዝቅተኛ ገቢ ላላቸው አገሮች የሚደርሰው 0.1 ቶን ብቻ መሆኑ ተመልክቷል። የበለጸጉት አገሮች ከመትረፍረፍ የተነሣ ያወጡትን ደንብ እጥረት ወዳለበት አገር እንዳለ መገልበጥ እንደማያዋጣ ከዚህ መረዳት ይቻላል።

ቁጥጥርንና አቅርቦትን አጣጥሞ መሄድ እንደሚቻል ከኡጋንዳ መማር ይቻላል። ኡጋንዳ እ.ኤ.አ. በ2004 ባወጣችው ደንብ በማስታገሻ ሕክምና ልዩ ሥልጠና የወሰዱ ነርሶችና ክሊኒካል ኦፊሰሮች ሞርፊን እንዲያዙ ፈቅዳለች። ከዱቄት ተበጥብጦ የሚዘጋጀውና በአፍ የሚወሰደው ፈሳሽ ሞርፊን ዋጋው አነስተኛ ሲሆን ለሕመምተኞች በነፃ ይታደላል። አገሪቱ ቁጥጥሯን አልተወችም። ይልቁንም ሥልጠናን፣ መዝገብንና ክትትልን ከአገልግሎቱ ጋር አያይዛ ወደ ገጠር አውርዳዋለች።

በአገራችንም መሠረቱ ተጥሏል። እ.ኤ.አ. በ2003 የተቋቋመው ሆስፒስ ኢትዮጵያ በአዲስ አበባ በጠና የታመሙ ወገኖችን በቤታቸው በመንከባከብ ፈር ቀዳጅ ሆኗል። የጤና ሚኒስቴርም እ.ኤ.አ. በ2016 ብሔራዊ የማስታገሻ ሕክምና መመሪያ አዘጋጅቷል። የሚቀረው እነዚህን ጅምሮች እንደ ሀዋሳ ካሉ ከተሞች አልፎ እስከ ወረዳ ሆስፒታሎችና ጤና ጣቢያዎች ማዳረስ ነው። መድኃኒት የሚያከፋፍለው የኢትዮጵያ መድኃኒት አቅራቢ አገልግሎት በሀዋሳ ቅርንጫፍ ያለው እንደመሆኑ፣ የጤና ተቋማት ፍላጎታቸውን በትክክል ገምተው በወቅቱ ቢጠይቁ የአቅርቦት ሰንሰለቱን ለማጠናከር ይረዳል።

በዚህ ረገድ በኅብረተሰቡ ዘንድ ያለው የተሳሳተ አመለካከትም መታረም ይኖርበታል። ሞርፊን የታዘዘለት ሰው ሁሉ ሊሞት የተቃረበ ነው ማለት አይደለም። በሐኪም ክትትል ለካንሰር ሕመም የሚወሰድ ሞርፊን ሱሰኛ ማድረጉ የማይቀር ነው የሚለው ግምትም ትክክል አይደለም። ሰውነት መድኃኒቱን መልመዱና ሱሰኝነት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። የለመደ ሰውነት መድኃኒቱ በድንገት ሲቋረጥበት ስለሚታወክ መጠኑ በሐኪም ምክር ቀስ በቀስ መቀነስ አለበት። ሱሰኝነት ግን ጉዳት እያደረሰም ቢሆን መድኃኒቱን አለመተው ነው። በሌላ በኩል እንደ ወገብና መገጣጠሚያ ሕመም ላሉት የቆዩ ችግሮች ኦፒዮይድ የመጀመሪያ ምርጫ አይደለም። የአካል እንቅስቃሴ፣ ፊዚዮቴራፒና ሌሎች መድኃኒቶች መቅደም አለባቸው።

ሕመምተኞችና ቤተሰቦቻቸውም ድርሻ አላቸው። የሕመሙን መጠን፣ የሚጀምርበትንና የሚብስበትን ሰዓት ሳይደብቁ ለሐኪም መንገር ተገቢውን መጠን ለመወሰን ይረዳል። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም እንዲሉ፣ ስቃይን ችሎ ዝም ማለት ጀግንነት አይደለም። ከፋርማሲ ከመውጣት በፊት ማዘዣው የተሟላ መሆኑን ማረጋገጥ፣ መድኃኒቱ ከማለቁ ከቀናት በፊት ቀጠሮ መያዝ፣ የሆድ ድርቀትና የእንቅልፍ መብዛት ሲያጋጥም ለባለሙያ ማሳወቅ፣ መድኃኒቱን ሕፃናት በማይደርሱበት ቦታ ቆልፎ ማስቀመጥና የተረፈውን ለሌላ ሰው ሳይሰጡ ለጤና ተቋም መመለስ ያስፈልጋል።

በአጠቃላይ የቁጥጥር ሥርዓት ጥራት የሚለካው ወደ ሕገ ወጥ እጅ ባልገባው መድኃኒት መጠን ብቻ ሳይሆን ለሕመምተኛው በደረሰውም ጭምር ነው። ስለዚህ ተቆጣጣሪው፣ አቅራቢው፣ የጤና ባለሙያውና ፋርማሲው ተቀናጅተው በመሥራት መድኃኒቱ ከሕገ ወጥ ገበያ እንዲርቅና ከሩቅ ወረዳ ወደ ሀዋሳ የሚመላለሰው ሕመምተኛም በቅርቡ እንዲያገኘው ማድረግ ይጠበቅባቸዋል።